በቦሦር ወንዝ የቀሩት

ጁላይ 27 ቀን 2022 የአሜሪካ ሴኔት ፓክት አክት በሚባለው ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ ሰጠ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዝገቡ የሚገኘው በዚያ ነውና።) ረቂቁ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የጦር ሰፈሮች አጠገብ በየጉድጓዱ ይቃጠል በነበረው የቆሻሻ ጭስ ለታመሙ ወታደሮች ሕክምናና ካሳ የሚሰጥ ነበር። ሙሉ ስሙ ከኢራቅ ተመልሶ በሳንባ ካንሰር የሞተውን የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ወታደር ሄዝ ሮቢንሰንን ያነሣል። ክርክሩ ተዘግቶ ወደ መጨረሻው ድምፅ ለማለፍ 60 ሰው ያስፈልግ ነበር። 55 ደገፉ፣ 42 ተቃወሙ። ከ42ቱ መካከል የያኔው የአብላጫ መሪ የቹክ ሹመር ስም ይገኛል። ሹመር ግን የሕጉ ዋና ገፊ ነበሩ። በሴኔቱ ደንብ የወደቀ ጉዳይ እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ነው። እሳቸውም መሸነፋቸውን ሲያዩ፣ ረቂቁን መልሰው ለማምጣት ሲሉ ድምፃቸውን ወደ ተቃውሞ አዞሩ።

መዝገቡ «ሹመር፤ ተቃውሞ» ይላል። መዝገቡ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልተናገረም። በዚያ መዝገብ የሰው ልብ እመረምራለሁ የሚል ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ጌታችን ዛፍን በፍሬው እንድንለይ አስተምሮናል፤ እንዳንፈርድም አዝዞናል። ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ላይ ይዞ ሰውን በሰጠው ድምፅ መመዘን ይቻላልን? ይህን የማነሣው ለመራቀቅ አይደለም። ምርጫ በመጣ ቁጥር በሬን እያንኳኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ሕመምተኞችን ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል በአልጋ እየገፋሁ አመላልሳለሁ። ምርጫ ሲቃረብ ዜግነት ያገኙ የደብራችን አረጋውያን የምርጫ ወረቀታቸውን ናሙና ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነፃ እንደሆነ ማንኛውም የበጎ አድራጎት ተቋም ከ1954 ጀምሮ ለዕጩ እንዳትቀሰቅስ በሕግ ተከልክላለች፤ ስለዚህ ነገሩን የምናወራው ከቅጥሯ ውጭ፣ ቡና ላይ ነው። እናቶች «ልጄ፣ ለድኻ የሚያዝነው የትኛው ነው?» ይላሉ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ወታደር የነበሩ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ «ወታደር የሚያከብረው የትኛው ነው?» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቃቸው ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን፣ ድምፅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ንግግር አይደለም። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር በሜይ መጨረሻ አበባ ማኖር ይቻላል፤ ደረት ላይ ባንዲራ መሰካትም ይቻላል፤ ሁለቱም መልካም ናቸው። ድምፅ ግን የአንዱን ገንዘብ ወደ ሌላው ያሻግራል፣ የሆስፒታል በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚሸኘውን ሰው እምነት የሞተ ነው ያለው ስለዚህ ነው። ድምፁን የሰጠ ሰው ሊጠየቅበት ይገባል። ስለ ድምፁ መጠየቅ እግዚአብሔር የከለከለው ፍርድ አይደለም። የተከለከልነው የነፍሱን መጨረሻ መወሰን ነው፤ የሥራውን ክብደት መመዘን ግን ተፈቅዶልናል፤ እንዲያውም ድምፅ ለሚሰጥ ዜጋ ግዴታው ነው።

እንዴት ይመዘናል? እኔ የማውቀው ጥሩ መመዘኛ የንስሐ አባቴ የሚጠቀሙበት ነው። ኃጢአቴን ስነግራቸው «ምን አደረግህ?» ብለው አይቆሙም። «ያን ስታደርግ ምን ፈልገህ ነበር? ሌላ መንገድስ አልነበረህም?» ይላሉ። በዚህ ሚዛን የጁላዩን ድምፅ መልሼ አየዋለሁ። የፔንሲልቬንያው ሴናተር ፓት ቱሚ ተቃወሙ። ምክንያታቸውን በግልጽ ተናግረዋል፦ ቀድሞውንም በየዓመቱ በጀት ሲመደብ የነበረ 400 ቢሊዮን ዶላር ወደ አስገዳጅ ወጪ መዝገብ መዛወሩ ለሌላ ወጪ ቀዳዳ ይከፍታል የሚል ነው። በጁንም ተቃውመው ነበር፤ በኦገስት ሕጉ ሲያልፍም ተቃወሙ። በሐሳባቸው አልስማማም። ነገር ግን ሰውየው ያው ሰውዬ ናቸው፤ ቃላቸውና ድምፃቸው አልተለያየም። ከባዱ ጥያቄ ያለው ከሌሎቹ ዘንድ ነው። ጁን 16 ቀን ሴኔቱ ይህንኑ ሕግ በ84 ለ14 አሳልፎት ነበር፤ ወደ ድምፅ የተመለሰው ስለ ግብር የምትናገር አንዲት አጭር አንቀጽ ሥርዓት ጥሳ ስለተገኘች ነው። አንቀጿ ወጣች፤ የቀረው እንዳለ ነበር። ከዚያ፣ ከሹመር ሌላ፣ በጁን «አዎ» ካሉት 25 ሰዎች በጁላይ «አይሆንም» አሉ። ቱሚ የሚቃወሙት የሒሳብ አሠራር በጁኑም ረቂቅ ውስጥ ነበረ።

የታመሙት ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በዋሽንግተን የጁላይ ሙቀት በካፒቶሉ ደረጃዎች ላይ አደሩ። ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርት አብሯቸው ጮኸ። ኦገስት 2 ቀን ሕጉ በ86 ለ11 አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ኦገስት 10 ፈረሙበት። መዝገቡን ከላይ ብቻ የሚያይ አንባቢ 86ቱን ሁሉ እኩል የወታደር ወዳጆች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እኔ አልችልም። ሳንባው ያበጠ ሰው በድንጋይ ደረጃ ላይ ካደረ በኋላ የሚሰጥ «አዎ» እና ከመጀመሪያው የተሰጠ «አዎ» አንድ አይደሉም። ይህን ስል የተመለሱትን አልንቅም፤ ኃጢአተኛ ሲመለስ በሰማይ ደስታ ይሆናልና። ግን መመለስ የሚባለው ከምን እንደተመለሰ ሲታወቅ ነው።

አባቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሌላው ጉዳይ የሴናተር ጆን ማኬይን ነው። ማኬይን በቬትናም ከአምስት ዓመት በላይ ተማርከው የተሠቃዩ ሰው ነበሩ። በ2008 የእኛው የቨርጂኒያ ሴናተር ጂም ዌብ፣ እሳቸውም በቬትናም የቆሰሉ ማሪን፣ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ላገለገሉ ወታደሮች የኮሌጅ ወጪ የሚሸፍን ረቂቅ አቀረቡ። ማኬይን ተቃወሙት። ሦስት ዓመት ያገለገለ ሁሉ ሙሉ ጥቅሙን ካገኘ ልምድ ያላቸው ባለሌላ ማዕረጎች ከሠራዊቱ ይወጣሉ ብለው ፈሩ፤ ጥቅሙ ከአገልግሎት ዘመን ጋር እያደገ እንዲሄድ ፈለጉ። ሜይ 22 ቀን ረቂቁ በ75 ለ22 ሲያልፍ ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደሩ ስለነበር በአዳራሹ አልነበሩም። የዌብም የማኬይንም ልጆች ማሪን ሆነው ኢራቅ ዘምተዋል። እንግዲህ ከሁለቱ ወታደር የማይወደው ማን ነው? ሁለቱም ይወዳሉ። የተለያዩት ለወታደር ምን መደረግ ይገባዋል በሚለው ላይ ነው፤ አንዱ የሚመለከተው የሚወጣውን ወታደር፣ ሌላው የሚቀረውን ሠራዊት ነው። በእኔ እምነት ዌብ ልክ ነበሩ። የማኬይንን ተቃውሞ ግን የንቀት ምልክት አድርጎ የሚያነብብ ሰው በሐሰት መስክሯል፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን መሻር ነው፤ በምርጫ ሰሞንም ቢሆን።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነገር ነው። ሥልጣን በያዙ በመጀመሪያው ወር፣ በማርች 1933፣ ወጪ ለመቀነስ የወጣውን ሕግ ፈርመው የቀድሞ ወታደሮችን ጥቅም ክፉኛ ቆረጡ። በዚያው ዓመት መጸው ቺካጎ ለተሰበሰበው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ የአሜሪካ ሌጂዮን፣ ጉባኤ የሄዱት ሳይሸሽጉ ነው፦ ሰው ዩኒፎርም ስለለበሰ ብቻ ከሌላው ዜጋ ተለይቶ ልዩ ተጠቃሚ መሆን የለበትም የሚል አሳብ ይዘው። በሜይ 1935 ኮንግረስ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች የቦነስ ክፍያ ሲወስን ራሳቸው ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ሻሩት። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 14 ቀን፣ ለሽማግሌው፣ ለሥራ አጡና አባት ለሌለው ልጅ የሚደርሰውን የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ፈረሙ። በ1936 ኮንግረስ ቦነሱን ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ አጸደቀው። በጁን 1944 ደግሞ ያው ሩዝቬልት ለወታደር ትምህርትና የቤት ብድር የሚሰጠውን ጂአይ ቢል ፈረሙ። በ1935 ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ድኻን የሚወዱ፣ ወታደርን የሚገፉ መሪ ናቸው። በ1944 ላይ ቆሞ ለሚያይ የወታደር አባት ናቸው። ቦነሱን ለመጠየቅ በ1932 ወደ ዋሽንግተን የተመሙት ዘማቾች በጦር ሠራዊቱ ከከተማው ሲባረሩ ፕሬዚዳንቱ ሁቨር ነበሩ፤ ወታደሮቹ በምርጫው ያመኑት ሩዝቬልትን ነበር።

ጂአይ ቢልን ካነሣሁ ዘንዳ አንድ ነገር ልጨምር፤ መዝገብ የሚያነብቡ ሰዎች ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁና። ያ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ387 ለ0 ነው ያለፈው። ሴኔቱም ውስጥ ተቃዋሚ አልነበረም። ፖለቲከኞቹን በዚያ ድምፅ አበላልጦ ማየት አይቻልም። የምክር ቤቱን የቀድሞ ወታደሮች ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት የሚሲሲፒው ጆን ራንኪን ግን የዘር ልዩነት አጥባቂ ነበሩ፤ አሠራሩ በየግዛቱ ባለሥልጣናትና በየአካባቢው ባንኮች እጅ እንዲወድቅ ሲደረግ ውጤቱ ምን እንደሚሆን የደቡብ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1947 ሚሲሲፒ ውስጥ በሕጉ ዋስትና ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት 2 ናቸው። በኖርማንዲ ባሕር ዳር የተዋጋ ጥቁር ወታደር ያገሩ ባንክ በር ላይ ቆሞ ቀረ። የትኛውም የድምፅ መዝገብ ይህን አያሳይም። ስለዚህ ማን ደገፈ ማን ተቃወመ ከማለት አስቀድሞ፣ ሕጉ ማንን ውጭ አስቀረ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሲከነክነኝ ኖሯል ወዳልሁት ነገር የምመለሰው በዚህ በኩል ነው።

በአሜሪካ ለወታደር የሚሰጠው «ዕዳ» ይባላል፤ ለድኻ የሚሰጠው «እርዳታ» ይባላል። ዕዳ ይከፈላል፤ እርዳታ ደግሞ ሰጪው ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይከለክላል። አረጋውያኖቼ ሁለቱን ጥያቄ ለይተው የሚጠይቁት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ፖለቲከኞችም ይህን ስለሚያውቁ በአንዱ እጃቸው ለወታደር ሲሰጡ በሌላው ከድኻ ቢቆርጡ ማንም የሚነቅፋቸው አይመስላቸውም። እውነት ነው፣ አንድ መንግሥት ጤነኛ ሰው ወስዶ ጭስ ውስጥ ካቆመው ለሳንባው ተጠያቂ ነው። በዚህ አልከራከርም። ግን ዕዳ ብቻውን የወታደርን ክብር መሸከም አይችልም፤ ይህን የተማርሁት ከአባቴ ሕይወት ነው።

አባቴ ተመልምሎ ኤርትራ የዘመተ አስር አለቃ ነበር። በ1991 የደርግ ጦር ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ሜዳ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ዩኒፎርም ለብሰው የሚለምኑ ሰዎች የታዩበት ዘመን ነው። አባቴ በእግሩ፣ በሱዳን ጠረፍ ዞሮ ጎጃም ሲገባ የዘመተለት መንግሥት ፈርሷል፤ የመጣው መንግሥት ደግሞ ለጠላት ጦር የምከፍለው ዕዳ የለብኝም ባይ ነበር። በዕዳ ሕግ ከሄድን ክርክሩ የሚያስኬድ ነው፦ የተሸነፈ፣ ያውም ትክክል ባልሆነ ጦርነት የተሸነፈ ሰው ማንን ይጠይቃል? የሰፈራችን የሰንበቴ ማኅበር ግን እህል አዋጣለት፣ ጎረቤት በሬ አበደረው፣ የተቆረጠ ጣቱ እስኪድን ልጆች አጨዱለት። አባቴ እስኪሞት ድረስ «የሸኘኝ መንግሥት ሳይቀበለኝ፣ ያልሸኘኝ ሰንበቴ ተቀበለኝ» ይል ነበር። ከቬትናም የተመለሰው አሜሪካዊም ቢሆን፣ ጦርነቱ ስሕተት ነበር የሚለው ዜጋ ምን አለብኝ ቢለው ምን ይመልስለታል? ዕዳ የጦርነቱን ፍትሐዊነት ይጠብቃል። ረኃብ ግን አይጠብቅም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚናገር ታሪክ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ግን አልሰማሁም። ዳዊት ገና ሳይነግሥ አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሴቶችንና ልጆችን ማረኩ። ዳዊት 600 ሰው ይዞ ተከተላቸው። ቦሦር ወንዝ ሲደርሱ 200ው ደክመው መሻገር አቃታቸው፤ ከጓዙ ጋር ቀሩ። 400ው ተሻግረው ተዋጉ፣ የተወሰደውን ሁሉ አስመለሱ፣ ምርኮም በዛላቸው። ሲመለሱ ከተዋጉት መካከል አንዳንዶቹ፣ ከእኛ ጋር ስላልዘመቱ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው ይሂዱ፣ ከምርኮው አንሰጣቸውም አሉ። መጽሐፉ እነዚህን ሰዎች ክፉዎች ይላቸዋል። ዳዊት ግን እንዲህ አይደረግም አለ፤ ወደ ሰልፍ የወረደውና ከጓዙ ጋር የቀረው እኩል ይካፈላሉ ብሎ ወሰነ፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሥርዓት ሆነ።

ደጋግሜ ሳነብበው ሁለት ነገር አይበታለሁ። የክፉዎቹ አነጋገር በአንድ በኩል እውነት ነው፦ እነሱ ደምተዋል፣ 200ው አልደሙም። ዳዊት ይህን አልካደም፤ የተዋጊውን ድርሻም አልቀነሰም። የለወጠው የምርኮውን ባለቤትነት ነው። ይህ የእናንተ አይደለም፣ እግዚአብሔር የሰጠን ነው አላቸው። ሁለተኛው ነገር ከዚያ በፊት ያደረገው ነው፦ ወደ ደካሞቹ ሲደርስ አስቀድሞ ስለ ደኅንነታቸው ጠየቃቸው። ሰንፋችሁ ነው ወይስ በእውነት ደክማችሁ ብሎ አልመረመራቸውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ያለንን ለድኻ አለማካፈል ከድኻው መስረቅ ነው ብሎ ሲያስተምር የቆመው እዚሁ ስፍራ ላይ ነው። በእሱ ትምህርት የድኻው እንጀራም ዕዳ ነው። ዕዳና ምጽዋት ሁለት መዝገብ የሆኑት በእኛ እጅ እንጂ በእግዚአብሔር ፊት አይደለም።

በሜይ 2013 የተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ኮሚቴ ለድኻ ምግብ መግዣ ስለሚሰጠው ስለ ፉድ ስታምፕ ሲከራከር መጽሐፍ ቅዱስ ተነሥቶ ነበር። የካሊፎርኒያው ጁዋን ቫርጋስ ከማቴዎስ ምዕራፍ 25 ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው ጠቀሱ። የቴነሲው ስቲፈን ፊንቸር ደግሞ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን ትምህርት አመጡ። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ነው የጠቀሱት፤ ሁለቱም ቃል እውነት ነው። ጳውሎስ ግን የተናገረው በአንዲት ማኅበር ውስጥ አብረው ለሚኖሩ፣ ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ለሚገቡ ሰዎች ነው። ማቴዎስ 25 ላይ ያለው የመጨረሻው ፍርድ ነው፤ በዚያ ፊት የሚቆሙት አሕዛብ ሁሉ ናቸው፤ የሚጠየቁትም የተራበው ለምን ተራበ በሚል አይደለም። ለሕግ አውጪ የትኛው ይበልጥ እንደሚቀርበው ለእኔ ግልጽ ነው።

አሁን ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልናገር። በሆስፒታላችን የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የሚሠራ፣ ዕድሜው ሃምሳ አምስትን ያለፈ፣ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኩዌት የዘመተ አሜሪካዊ ነው። የነዳጅ ጉድጓዶች ሲነድዱ ሰማዩ በቀን እንደጨለመ ነግሮኛል። አባቴ ከኤርትራ በእግሩ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። አስም አለበት። ፓክት አክት ከኦገስት 1990 ጀምሮ በዚያ አካባቢ ያገለገሉትን ስለሚጨምር በ2022ቱ ድምፅ ምክንያት ዛሬ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ በቪኤ፣ ይታከማል። ጥበቃው የሚሰጠው ሰዓት ስለማይበቃው ፉድ ስታምፕም ይቀበላል። በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሁለቱም ጥያቄዎች አብረው ይተነፍሳሉ። በዚህ አገር በፉድ ስታምፕ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች ምን ተወሰነላቸው? በ2023 ፕሬዚዳንት ባይደንና አፈ ጉባኤ ኬቪን ማካርቲ ስለ መንግሥት ዕዳ ጣሪያ ተስማሙ። ልጅ የማያሳድግ፣ ጤነኛ የተባለ ሰው በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ካላስመሰከረ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ፉድ ስታምፕ አያገኝም የሚለው ደንብ እስከ 49 ዓመት ብቻ የሚደርስ ነበር፤ በስምምነቱ ቀስ በቀስ እስከ 54 እንዲዘልቅ ተደረገ። በምትኩ የቀድሞ ወታደሮች፣ ቤት የሌላቸውና በአሳዳጊ ቤት ያደጉ ወጣቶች ከሥራ ግዴታው ነፃ ወጡ። በተወካዮች ምክር ቤት በ314 ለ117፣ በሴኔት በ63 ለ36 አለፈ። እንደ ጆን ፌተርማንና በርኒ ሳንደርስ ያሉት ሴናተሮች ተቃወሙ። ያን ድምፅ «ለወታደር ምን አደረጉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተቃዋሚዎቹን ይወቅሳል። እኔ ግን በቦሦር ወንዝ ፍርድ እመዝነዋለሁ። የዘመተው ይብላ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ወገቧ የታመመ ጽዳት ሠራተኛ ግን ታስመስክር የሚል ሕግ ነው። ለወታደሩ የተሰጠው መልካም ነበር፤ ከእሷ ተወስዶ መሰጠቱ ግን መልካም አልነበረም። ሁለቱም ፓርቲዎች እጃቸው አለበት።

በ2025 ደግሞ ነፃነቱ ራሱ ተነሣ። በጁላይ የጸደቀው ትልቁ የወጪና የግብር ሕግ የሥራ ግዴታውን እስከ 64 ዓመት አደረሰው፤ ወታደሩም፣ ቤት የሌለውም፣ በአሳዳጊ ቤት ያደገውም ወደ ግዴታው ተመለሱ። በዚያው ሕግ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ገና ቋሚ መኖሪያ ሳያገኙ ከፉድ ስታምፕ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከእኛም ሰዎች ውስጥ ብዙዎች የመጀመሪያውን ዓመት የተሻገሩት በዚያ ካርድ ነው። ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፈለ። ሚዛኑን የደፉት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ ናቸው፦ ኢራቅ የዘመቱ ማሪን፣ በጂአይ ቢል ኮሌጅ የተማሩ ሰው። በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ214 ሆነ። በዚያ ድምፅ የቫንስን ልብ አላነብብም፤ ሕጉ ግብርም ድንበርም መከላከያም የያዘ ግዙፍ ነገር ነው፣ ለየትኛው አንቀጽ ብለው እንደደገፉ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ሥራው ግን ሥራ ነው። ባልደረባዬ አሁን የሥራ ሰዓቱን በወረቀት ማስመስከር አለበት፤ አሠሪው ሰዓት በቀነሰበት ወር የሚያስመሰክረው አይኖረውም። በአንዱ ድምፅ ሳንባውን ያከመለት ምክር ቤት በሌላው ሰሃኑን ያዘበት። በ2023 ድኻውን ከወታደር መለየት ተለመደ፤ ድኻው ብቻውን ከቀረ በኋላ ወታደሩን ወደዚያው መጨመር ቀላል ሆነ።

በቅርቡ ይህን ሁሉ ስናወራ፣ አንድ በሐረር አካዳሚ የሠለጠኑ የቀድሞ ሻምበል «ዳዊት ያካፈለው ምርኮ ነው» አሉኝ። «ሴኔቱ የሚያካፍለው የእኔን ግብር ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ታክሲ ነድቼ የከፈልሁትን። ለልጅ ልጆቼ ዕዳ የሚያወርስ ወጪ ቢቃወም ሴናተሩን ክፉ ልለው ነው?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሻምበል ለማንም ክፉ የማያስቡ ሰው ናቸው። በገንዘብ እጥረት ምክንያት የሚቃወም ሰው ክፉ አይደለም አልኋቸው፤ ከሁሉም እኩል የሚቆርጥን ሰው ላልደግፈው እችላለሁ፣ ግን አከብረዋለሁ። ሩዝቬልትም በ1933 የወታደሩን ጥቅም የቆረጡት እጥረት ነው ብለው ነበር። የምጠይቀው ከማን ተጀምሮ ተቆረጠ የሚለውን ነው። የእርስዎ ግብር የእርስዎ ብቻ ነው ካሉ፣ 400ውም ምርኮው የእኛ ነው ያሉት በዚሁ ቃል ነው። ያ ታክሲ የሚነዳበትን መንገድ የሠራ፣ በሌሊት የሚጠብቅ፣ እርስዎ ሲታመሙ አልጋዎን የሚገፋ ሰው ከጓዙ ጋር የቀረው ሰው ነው።

ሻምበል ጥቂት አሰቡና መዝገቡን እንደገና እንድከፍት ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ፓርቲ እንዳልጠራ፣ በ2022 የጭሱን ሕክምና ደግፈው በ2025 ደግሞ የወታደሩን ከሥራ ግዴታ ነፃ መሆን የሰረዘውን ሕግ የደገፉትን ብቻ እየለየሁ እንዳነብብላቸው አዘዙኝ፤ ከስሙ ጎን ደግሞ በሠራዊት ያገለገለውን እንዳመለክት። እናቶችም ወንበራቸውን አቀረቡ። ከሴኔቱ ጀመርን፤ የተወካዮች ምክር ቤቱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥረነዋል።